ከእጥበቱ የቀደመ በረኪና

ድዷን የተነቀሰች የጎጃም ባልቴት ስትስቅ ጥርሷ ነጥቶ የሚታየው ንቅሳቱ ስላነጣው አይደለም። ጥላሸቱ በመርፌ ወይም በእሾህ ተወግቶ ከድዱ ሥጋ ገብቷል፤ ጥርሱ የነበረበት ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ከጠቆረ ድድ ሥር የበቀለ ጥርስ፣ ከቀላ ድድ ሥር ከበቀለው ይልቅ ሐጫ በረዶ መስሎ ይታያል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በአማራም በትግራይም፣ ሴቶች ድዳቸውን የሚነቀሱት ለድድ ሕመም ይበጃል በሚል እምነት ጭምር ቢሆንም ውበቱ ግን ሁልጊዜ ከፊት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ገበያ የምትዞረው ሐምራዊ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ጠርሙስም ከዚህ የራቀ ሥራ አትሠራም። ነጭ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች በውኃው ላይ ጥቂት ሰማያዊ ቀለም ጠብ እንደሚያደርጉት፣ ሐምራዊው ቀለም የጥርሱን ብጫታ ለዓይን ያደበዝዘዋል፤ ከዚያ በምራቅና በምግብ ታጥቦ ይሄዳል። የአያትየው ንቅሳት ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ የልጅ ልጅየዋ ጠርሙስ ግን ምሳ ሰዓትን ላይሻገር ይችላል። የመርፌውን ሥቃይ ለጊዜው ትተን በገንዘብ ብቻ ብናስላው አያትየው ሳታተርፍ አልቀረችም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነጭ ጥርስን መውደድ አዲስ ነገር አይደለም። የቁንጅና ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ ወተት የመሰለ፣ በረዶ የመሰለ። አዲሱ ነገር ይህ ፍቅር ዋጋ ተቆርጦለት፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በአውቶቡስ ተጭኖ መምጣቱ ነው። ሐምራዊ ጠርሙስ አለ፤ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ስስ ላስቲክ አለ፤ የከሰል ዱቄት አለ፤ ሰማያዊ መብራት የተገጠመለት ጎማ ከነጄሉ አለ። በሌላ በኩል ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያሉ የጥርስ ክሊኒኮች «ዋይትኒንግ» የሚለውን ቃል በማስታወቂያቸው ላይ አስፍረዋል። ሁሉም የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ «ጥርስ ማንጣት»። ክርክሩም ብዙውን ጊዜ «ክሊኒክ ይሻላል ወይስ ቤት?» በሚል ጥያቄ ይጀመራል። እኔ ይህን ጥያቄ አልቀበለውም። መድኃኒቱ ወንበር ላይ ተቀባ አልጋ ላይ፣ ልዩነቱ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ለውጥ የሚያመጣው ከመቀባቱ በፊት አፉን ከፍቶ ያየ ባለሙያ መኖር አለመኖሩ ነው። ይህን ካሰመርን ደግሞ ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው የሚስማማው መንገድ፣ ብልጭልጩና ውዱ ሳይሆን ቀርፋፋውና ርካሹ ሆኖ ይገኛል።

ነጠላ የሚያጥብ ሰው ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል። የቆሸሸ ነጠላ በቀጥታ በረኪና ውስጥ አይነከርም። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ እድፉ ይለቃል፤ በረኪና የሚፈልገው ከዚያ በኋላ የቀረው ብጫታ ነው። የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ይሰፋል እንጂ አይነከርም። የጥርስም ቀለም እንዲሁ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ላዩ ላይ የተቀመጠ እድፍ ነው። ቡና ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት ቤት፣ ጥቁር ሻይ በሚዘወተርበት፣ ጫትና ሲጋራ ባለበት ሁሉ ቀለሙ ቀስ በቀስ ጥርሱ ላይ ይጋገራል። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ሽሮፕ የሕፃናትን ጥርስ ያጠቁራል፤ ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ለሳምንታት ሲወሰድ ቡናማ ጥላ ይተዋል። ከዚህ ሁሉ ግን የሚብሰው የጥርስ ድንጋይ ነው። በአግባቡ ያልተፋቀ ጥርስ ላይ የሚያዘው ለስላሳ ሽፋን ከምራቅ የሚያገኘውን ካልሲየም ይዞ ይጠጥራል፤ በተለይ የምራቅ ቧንቧ በሚከፈትበት ቦታ፣ ማለትም ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባና ከላይኛው መንጋጋ ጉንጭ በኩል። መስታወት ፊት ቆሞ ምላሱን ከታችኛው ጥርስ ጀርባ ያሻሸ ሰው ሸካራ ነገር ቢያገኝ እሱ ነው። ይህን ብሩሽ አያወርደውም፣ ጄልም አያነጣውም። የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ውኃ እየረጨ በሚርገበገብ መሣሪያ በሚደረገው፣ በተለምዶ «ጥርስ መታጠብ» በምንለው ሕክምና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ሥጋት አለ፤ «ጥርስ መታጠብ ጥርስን ያነቃንቃል፣ ያሳሳል» የሚባለው። ሥጋቱ ከባዶ አልተነሣም። ድንጋዩ ድዱን ገፍቶ፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ለዓመታት ሲቆይ ጥርሱን እንደ ግንብ ደግፎ ይይዘዋል። ሲነሣ ክፍተቱ ይገለጣል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ቀናት ይጠዘጥዛል፣ ድሮውንም የላላ ጥርስ መላላቱ ይታወቃል። አጥቢው ግን አላላላውም፤ ያላላው ከድንጋዩ ሥር የተቆጣው ድድና የተበላው አጥንት ነው። በእኔ ግምት በዚህ አካባቢ «ጥርሴ ቢጫ ሆነብኝ» ከሚለው ሰው አብዛኛው የሚፈልገው ይኸው እጥበት ነው። ከታጠበ በኋላ ማንጫውን ጭራሽ የሚረሳው ሰው ጥቂት አይሆንም፤ ማስታወቂያ የማይወጣለትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ዓይነት ቀለም ከጥርሱ ውስጥ ነው። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ሽፋን ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው የጥርስ አካል ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል። ዕድሜ ሲገፋ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ብጫታው ጎልቶ ይወጣል። በማንጫ ጄሎች ውስጥ ያለው ፐርኦክሳይድ የተባለ ኬሚካል በደንብ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። በልጅነት፣ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ፣ ቴትራሳይክሊን የዋጠ ሰው ጥርስ ላይ የሚቀረው ግራጫ መስመር ግን ወራት የሚፈጅ ሕክምና ይጠይቃል፤ ሙሉ በሙሉ ላይለቅም ይችላል። (ለአራስ ልጅ ዓይን የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት በዚህ መወንጀል የለበትም፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ከቁጥር አይገባም። የትራኮማ ነገር ብርቱ በሆነበት ክልል ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።) ሌላው የፍሎራይድ ጉዳይ ነው። ወንጂ፣ መተሐራና ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የመጣው ከጉድጓድ ውኃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመክረው ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆው ውኃ ውስጥ ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ነው። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ነው። ስለዚህ ወንጂ ወይም መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ፣ ልጆቹን እዚያ አሳድጎ ወደ ጎጃም የተመለሰ አባት የልጆቹን ጥርስ ከጎረቤት ልጆች ጋር እያስተያየ «እነዚህ አይፍቁም» ቢል ይበድላቸዋል። ያን ቡናማ ነጥብ ጄል ብቻውን አያጠፋውም፤ እንዲያውም በዙሪያው ያለውን ጥርስ ብቻ አንጥቶ ነጥቡን ሊያጎላው ይችላል። በጨቅላነት ድዱ ተፈልጦ ያልበቀለ ጥርሱ የወጣበት ልጅም፣ ከሥር የነበረው የቋሚ ጥርስ እምቡጥ ተጎድቶ ከሆነ፣ ሲያድግ ሽፋኑ የጎደለ ጥርስ ያበቅላል። ይህ የተቀደደው ነጠላ ነው፤ መሞላት ወይም መሸፈን እንጂ መነከር አያድነውም።

ሦስተኛው ቀለም የበሽታ ምልክት ነው። የተበላ ጥርስ ይጠቁራል። ተመትቶ ሥሩ የሞተ ጥርስም ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ይጠቁራል። አንድ ጥርስ ብቻዋን ስትጠቁር ሐኪሙ ሥሯን ይመረምራል፤ ሣጥን የገዛው ሰው ግን ላስቲኩን ከላይ ይለጥፍባታል። ከቴሌግራም የተገዛ ማንጫ ጉዳት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኬሚካሉ መርዝ ስለሆነ አይደለም፤ የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ሲቀባ በቀዳዳው ወደ ነርቩ ዘልቆ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያሰቃይ፣ ደግሞም ቀለሙን ሲያደበዝዘው ሕመሙን ለወራት ስለሚሸሽገው ነው።

ወደ ክሊኒኩ እንግባ። ወንበር ላይ የሚደረገው ማንጣት ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይጠቀማል። ይህ መጠን ሥጋ ስለሚያቃጥል ከንፈር በማስወጠሪያ ይያዛል፣ ድዱ በሚደርቅ ፈሳሽ ጎማ ይሸፈናል፣ ከዚያ ጄሉ ጥርሱ ላይ ብቻ ይቀባል። በአንድ ቀጠሮ ለውጡ ይታያል። ሐኪሙ ቪታ የተባለውን፣ 16 የጥርስ ናሙናዎች እንደ ቁልፍ የተደረደሩበትን የቀለም መለኪያ ከፈገግታው ጎን አስጠግቶ «ይኸው ከዚህ ወደዚህ መጣህ» ይላል። የሚባለው እውነት ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይሸፍናል። አንደኛ፣ አፉን ለአንድ ሰዓት የከፈተ ሰው ጥርሱ ይደርቃል፣ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ነጭ ይመስላል፤ በቀናት ውስጥ ምራቁን ጠጥቶ አንድ ሁለት ደረጃ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ያ ሰማያዊ መብራት። መብራቱ ውጤቱን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ በመብራትና ያለ መብራት የተደረጉ ንጽጽሮች ሲጠኑ ግን በመጨረሻው ቀለም ላይ የጨመረው ነገር ብዙም አልተገኘም። ለትርኢት ካልሆነ በቀር ለመብራቱ ተጨማሪ መክፈል አይታየኝም።

ቤት የሚደረገው ማንጣት ታሪኩ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት አንድ የጥርስ አሰላለፍ ሐኪም የተቆጣ ድድ ያስታግስልኛል ብሎ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለበት መድኃኒት በጥርስ ማቀፊያ ውስጥ አድርጎ ታካሚዎቹን ሌሊት ያስነክሳቸው ነበር፤ ድዱ ሲድን ጥርሱም ነጥቶ ተገኘ። በ1989 ሄይውድና ሄይማን የተባሉ ሁለት የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዘዴውን በመጽሔት አሳተሙት፤ ያኔ ነው በዓለም የተዛመተው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሐኪሙ ሊጥ የመሰለ ነገር በማንኪያ ቅርጽ ባለ ብረት አድርጎ ታካሚውን ያስነክሰዋል። ከዚያ ላይ ጂፕሰም አፍስሶ የጥርሱን ቅርጽ ያወጣል፤ ስስ ላስቲክ አሙቆ በቅርጹ ላይ ያለብሰዋል፣ የድዱን ጠርዝ ተከትሎ በመቀስ ይከረክመዋል። ታካሚው ማታ ጥርሱን ፍቆ፣ በየጥርሱ ፊት አንድ አንድ ጠብታ ጄል አድርጎ ያጠልቀዋል፤ ተርፎ ድድ ላይ የፈሰሰውን በጣቱ ይጠርጋል፤ ይተኛል። ጄሉ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ነው። ይህ ወደ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲለወጥ 3.5 በመቶ አካባቢ ብቻ ይሆናል፤ ከክሊኒኩ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ያህል። ሥራው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ቀለም ግን ከወንበሩ ጋር ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በቤት በሚደረግ ማንጣት ላይ የተሠሩ 71 ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቷል፤ ጄሉ ካልተቀባ ጥርስ ይበልጥ እንደሚያነጣ፣ ጉዳቱም በዋናነት የጥርስ መጠዝጠዝና የድድ መቆጣት እንደሆነ አግኝቷል። የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንና ብዙዎቹ ጥናቶች የአጭር ጊዜ እንደሆኑም ገልጿል። ይህን የምጠቅሰው «ዕድሜ ልክ» የሚል ተስፋ የሚሸጥ ሰው ሲገጥም የትኛው ላይ መጠራጠር እንደሚገባ ስለሚያሳይ ነው። የነጣው ጥርስ እንደ ሰውየው ቡናና ሲጋራ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቆይቶ ይደበዝዛል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቡሬ፣ በኮሶበር፣ በዳንግላ፣ በመራዊ አድርጎ። ለሰከላ ወይም ለደጋ ዳሞት ገበሬ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ራሷ ሩቅ ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ለዚህ ሰው ክሊኒክ ደጋግሞ መመላለስ ከዋጋው በፊት ደኅንነቱ ያሳስባል። ስለዚህ ምርጫው መሆን ያለበት መንገድ የሚቆጥበው ነው፤ አንድ ጉዞ፣ በዚያው ጉዞ ምርመራ፣ እጥበትና የማቀፊያው ልክ፤ የቀረው ሥራ ሁለት ሳምንት በቤት። «የቤት ማንጫ» የሚለው ስም በቴሌግራም ነጋዴዎች እጅ መውደቁ ያሳዝነኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ለገጠር የሚስማማው ዘዴ የእነሱ ሸቀጥ መስሎ ቀረ።

በእነሱ ሸቀጥና በሐኪሙ ማቀፊያ መካከል ያለው ልዩነት ከፈቃድ ወረቀት ይበልጣል። የሣጥኑ ማቀፊያ ለሁሉም አፍ አንድ ልክ ነው፤ ጠርዙ ድድ ላይ ስለሚሄድ ጄሉም ድድ ላይ ይቀመጣል፣ በነጋታው ድዱ ነጭ ሆኖ ተልጦ ይገኛል። ፐርኦክሳይድ ሙቀትና ብርሃን የማይወድ ነገር ነው፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መጥቶ ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት የተደረደረ ጄል ኃይሉ ተሟጥጦ ሊሆን ይችላል። ገዢው ለውጥ ሲያጣ የሚያደርገው ደግሞ ይታወቃል፤ ሰዓቱን ያራዝማል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ብዙዎቹ ላይ መጠኑ አለመጻፉ፣ ቢጻፍም ገዢው በማያነበው ቋንቋ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ0.1 እስከ 6 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የያዘ ማንጫ ለጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሸጥ፣ የመጀመሪያው አጠቃቀም በሐኪም እንዲሆን፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሰጥ ወስኗል። በእንግሊዝ አገር ጥርስ ማንጣት የጥርስ ሕክምና እንጂ የውበት ሳሎን ሥራ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2013 በፍርድ ቤት ጸንቷል።

«አሜሪካ ላይ የሚለጠፈው ላስቲክ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይገዛል፤ ሰውም አልሞተም» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 አካባቢ ጀምሮ በየሱቁ ይሸጣል። ነገር ግን እዚያ ያለው ገዢ በአብዛኛው ከሱቁ በፊት የጥርስ ሐኪም ያየው፣ በየስድስት ወሩ የሚታጠብ፣ ሣጥኑ ላይ ያለውን የሚያነብ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያና የመጨረሻ የጥርስ ሕክምና መነቀል ነው፤ ብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች የጥርስ ክፍልም ቀኑን የሚያሳልፈው በመንቀል ነው። ላስቲኩ ያው ቢሆንም የሚለጠፍበት አፍ ያው አይደለም። ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ «6 በመቶ የሚፈራ ከሆነ ክሊኒኮቻችን 35 በመቶ ሲቀቡ ለምን ዝም ይባላል?» የሚለው። እኔም ዝም መባል አለበት አልልም። ያ መጠን ድድ ተሸፍኖ፣ ሐኪም ቆሞ ሲጠበቅ ይቻላል፤ ግን በዝቅተኛው መጠን የሚደረስበት ቦታ ተመሳሳይ ከሆነ ከፍተኛውን መምረጥ የችኮላ ዋጋ ነው። ሳያጥብ፣ ቀዳዳ ሳይሞላ በቀጥታ የሚያነጣ ክሊኒክም ከቴሌግራም ሻጩ የሚለየው በነጭ ጋወኑ ነው።

በነጻ የሚገኘውስ? ሎሚ ጥርስ እንደሚያጠርስ ልጅም ያውቃል፤ «ጠረሰ» የሚለው ቃላችን ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የሎሚ ጭማቂ አሲድነት በፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 ብዙም አይርቅም፣ ኢናሜል ደግሞ ከ5.5 በታች መሟሟት ይጀምራል። በሎሚ የተሸ ጥርስ ለጊዜው የሚያበራው ላዩ ስለተበላ ነው፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥር ያለው ብጫታ ይወጣል፣ የተበላ ኢናሜል ደግሞ አይበቅልም። ከሰልና አመድ እድፍ ይፍቃሉ፤ መፋቅ ግን ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ግምገማ የከሰል የጥርስ ሳሙና ለደኅንነቱም ለማንጣቱም በቂ ማስረጃ እንደሌለው ደምድሟል፤ ያንኑ ከሰል በጥቁር ብልቃጥ አሽጎ የሚሸጠውን ሰው ግን ጓዳችን ውስጥ ያለው ያሳፍረዋል። መፋቂያ ግን ከዚህ ጋር መደመር የለበትም። የወይራ ወይም የክትክታ እንጨት ጫፉ ታኝኮ ሲበጣጠስ ብሩሽ ይሆናል፤ በጥንቃቄ ከተፋቀበት ለስላሳውን ሽፋን ድንጋይ ሳይሆን ያነሣዋል። ጉድለቱ ከጥርስ ጀርባና ከመንጋጋው ውስጥ ለመድረስ ማስቸገሩ፣ በኃይል ከተሸበትም ድዱን ማሸሹ ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቢታከልበት ይሞላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። «ያነጣል» የሚል ጽሑፍ ላለበት ሳሙና ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል ግን አያስፈልግም፤ ከሚያነሣው እድፍ በላይ ቀለም አይቀይርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የጊዜው ነው። ሰው መንገድ በተዘጋበት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ በተወደደበት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለውበት የሚደረግ ሕክምናን በማይሸፍንበት አገር ስለ ጥርስ ንጣት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ቅንጦት ቢሆንም ገንዘቡ እየወጣ ነው። በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው የአፍ በሽታ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያስታውቅ ሸክሙ የበዛው ገቢው ዝቅተኛ በሆነው ሕዝብ ላይ እንደሆነም አክሏል። የአንድ ሣጥን ዋጋ የከፈለ ወጣት ያንኑ ገንዘብ ለእጥበትና ለአንድ ቀዳዳ ማስሞያ ቢያውለው ቅንጦቱ ሕክምና ይሆናል። እንዲያውም ውበት ጥሩ ማባበያ ነው። ድዱ ሲደማ ለዓመታት ሐኪም ያላየ ሰው ሠርጉ ሲደርስ ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል፤ ሐኪሙም ያን ዕድል ሊያባክነው አይገባም። ድዱን የተነቀሰችም ሴት ብትመጣ ቀለሙ የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን፣ መድማቱን በመሣሪያ ነክቶ ማየት የእሱ ፈንታ ነው።

ሕጉ ያለ መሣሪያ አይደለም። አዋጅ 1112/2011 ምግብን፣ መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያንና የውበት መጠበቂያን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር አድርጓል። ሁሉንም ማንጫ መከልከል ገበያውን ወደ ጓዳ ከመግፋት አያልፍም። በአማርኛ የተጻፈ መጠን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ «ከ18 ዓመት በታች፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይጠቀሙ» የሚል መስመር፣ «ጥርስህ ቀዳዳ ካለው አትቀባ» የሚል መስመር ግን ማንም ሻጭ ይከብደኛል አይልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች እያስመረቀ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ ፍኖተ ሰላም ላይ ከማጠቢያ መሣሪያ ጋር ቢቀመጥ የምዕራብ ጎጃም ፈገግታ ከሰማያዊ መብራቱ ይልቅ በእሱ ይለወጣል።

እስከዚያው ለጥር ሠርግ የሚዘጋጅ ሰው ቀን መቁጠሪያውን ይዞ ማስላት ይችላል። ጾመ ነቢያት በሚገባበት በኅዳር አጋማሽ ሄዶ ይመረመራል፣ ይታጠባል፣ የተበላውን ያስሞላል፣ የማቀፊያውን ልክ ይሰጣል። ከታኅሣሥ ሁለት ሳምንቱን በማታ ጄል ያሳልፋል፤ ጥርሱ ከጠዘጠዘው አንድ ሌሊት ይዘልላል፤ ቡናውን ባይተው እንኳ ከጠጣ በኋላ አፉን በውኃ ይጉመጠመጣል። የፊት ጥርሱ ላይ አሮጌ ሙሌት ካለ ሙሌቱ እንደማይነጣ ይወቅ፤ ቀለሙ እንዲገጥም መቀየር ያለበት ማንጣቱ ካበቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ለዚያም ከጥር አጋማሽ በፊት ቦታ መተው አለበት። ማቀፊያውን በፈላ ውኃ አይጠብ፤ ይጣመማል። ፀሐይ በማያገኘው መሳቢያ ካስቀመጠው ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ቀለሙ ሲደበዝዝ ጥቂት ሌሊት ጄል ይበቃዋል፤ ወደ ባሕር ዳር የሚያስመልሰው እጥበቱ ነው።